ለጤና ሚኒስቴር እና ለብሎካችን ነዋሪዎች፦ ድጋፉ ቤት ድረስ ይምጣልን

ሰላም ለናንተ ይሁን። ደብዳቤ መጻፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፣ ሾፌር ነኝ፣ ይሄንንም የምጽፈው በስልኬ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። ተሳፋሪ እየጠበቅኩ አይደለም፣ ከኋላ ወንበር ላይ የተኛው ልጄ ነው። 7 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለው፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ቀን መኪና ካልተንቀሳቀሰ አይተኛም፣ ስለዚህ ከአያት እነሳና በመገናኛ አድርጌ ቀለበት መንገዱን ይዤ እስከ ሳሪስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ አንዳንዴ ሁለቴ። የቤንዚኑን ነገር እናንተው አስቡት።

የምጽፍላችሁ እርዳታ ልለምን አይደለም። ትልቅ ማዕከል ይገንባልን ልልም አይደለም፣ ቢገነባ ማን ይጠላል ግን ተገንብቶ እስኪያልቅ ልጄ ጺም ያበቅላል። የምለው አንድ ነገር ነው። ድጋፉ ቤት ይምጣልን። ልጁ ያለው ቤት ነዋ። ከ24 ሰዓት 24ቱንም ቤት ነው ያለው፣ እናቱም አብራው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ልጃችን 2 ዓመት ሳይሞላው በእንግሊዝኛ ከኤ እስከ ዜድ ይቆጥር ነበር፣ ቀለሞቹን በሙሉ ይጠራል፣ ዩቲዩብ ነው ያስተማረው፣ እኛም እንግዳ ሲመጣ "እስኪ በል ለጋሼ ንገረው" እያልን እንኮራበት ነበር። አባዬ ግን ብሎኝ አያውቅም። ስሙን ስንጠራው አይዞርም፣ ጎረቤት ቤት የብስኩት ላስቲክ ሲቀደድ ግን ይሰማል። ዘመዶቻችን "ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም"፣ "አጎቱም በ4 ዓመቱ ነው የተናገረው" እያሉ አጽናኑን፣ ከዛ ደግሞ ቡዳ ነው ተባለ፣ ከዛ ደግሞ ቲቪው ነው ተባለ፣ ከዛ እናቱ እርጉዝ ሆና ደንግጣ ነው ተባለ። ጸበልም ወስደነዋል። ጸበልን አልቃወምም፣ አማኝ ነኝ፣ ግን እውነቱን ልናገር፣ እኛ እያለቀስን እሱ ውሃ ስለሚወድ ከሁላችንም ይበልጥ የተደሰተው እሱ ነበር፣ ካህኑም ሳቁ።

ኋላ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ዶክተሩ አሥር ደቂቃም አላየውም፣ "ኦቲዝም ነው" አለን፣ ቫይታሚን ጻፈልን፣ "ስክሪን ይቀንሱ" አለን፣ ቀጣዩ ታካሚ ገባ። ወረቀቷን ይዘን ወጣን። ከዛስ? ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤት ገብተን እራት አልበላ ሲል፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ ምን እናድርግ? ይሄንን ማንም አልነገረንም። ስሙን ነገሩን፣ በቃ። ስም ብቻ ይዞ ቤት መግባት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ኬጂም ተቀብሎት ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት "ሌሎች ወላጆች ቅር እያላቸው ነው" ብለው መለሱት፣ የከፈልነውን ተርም ሳይመልሱ። ይሄ በኛ የተጀመረ አይደለም። ዘሚ የኑስ ነፍሷን ይማረውና ከአሜሪካ ስትመለስ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥታ ነው ራሷ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው፣ ከዛ በፊት ኦቲዝም የሚለውን ቃል እዚህ ሀገር ስንት ሰው ያውቀው ነበር? ነህምያ የሚባለውን የኦቲዝም ማዕከልም የጀመሩት ወላጆች ናቸው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ቦታ ቸግሮት የቆመ ወላጅ አለበት። ያቆዩልን ሰዎች እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ተራ የሚጠብቀው ቤተሰብ ብዛቱ ሌላ ነው፣ ከአዲስ አበባ ውጪ ያለውንማ ተዉት።

አሁን ቤታችንን ላሳያችሁ። አራተኛ ፎቅ ነን። መስኮቱን በሙሉ በያጅ ጠርተን ብረት አስገጥመናል ምክንያቱም ይንጠላጠላል። የበሩ ቁልፍ ከላይ ነው፣ እኔ ራሴ ተንጠራርቼ ነው የምደርስበት። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ሲመጣ በርሜሉንም ጀሪካኑንም ሞልተን እናስቀምጣለን፣ ልጁ ደግሞ ከምንም በላይ የሚወደው ውሃ ነው፣ ዞር ስትል የሳምንቱን ውሃ መሬት ላይ ታገኘዋለህ፣ ከዛ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጣሪያችን አንጠባጠበ ብለው ይመጣሉ (እናንተን ነው፣ ይቅርታ በድጋሚ)። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ሻማ ይፈልጋል፣ እኛ ቤት ግን ሰማይ ነው የሚደፋው፣ እንደለመደው አልሆነማ፣ አምፖሉ በዚህ ሰዓት መብራት ነበረበት፣ የት ሄደ? ሲመጣም ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ እልል ይላል፣ እሱ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ስር ይገባል።

ምግብ ሌላ ጉድ ነው። ነጭ ፓስታ ይበላል፣ የእንጀራ ጠርዝ ይበላል፣ ወጥ የነካውን አይበላም። አያቱ ጉርሻ ይዘው ሲመጡ አፉን ጨፍኖ ይሸሻል፣ ጉርሻ እምቢ ማለት እኛ ሀገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እማማ ስንት ጊዜ አልቅሰውበታል፣ "ጠላኝ" እያሉ። አልጠላቸውም፣ ጣት አፉ ውስጥ ሲገባ ነው የሚጨንቀው። ይሄን እስክንረዳ 3 ዓመት ፈጀብን። ሦስት ዓመት!

ማን እንዳስረዳን ልንገራችሁ፣ የደብዳቤው ዋና ነገር እሱ ነው። ዶክተር አይደለም። ሠራተኛችን ናት። ከወሎ የመጣች የ19 ዓመት ልጅ፣ ትምህርቷን ከ4ኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ኦቲዝም የሚባል ቃል ሰምታ የማታውቅ። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ሚስቴን "እትዬ፣ ልጁ ዝም ብሎ አይደለም እኮ የሚጮኸው፣ እታች ያለው ጁስ ቤት መፍጫውን ሲያስነሳ ነው" አለቻት። እኛ እኮ እዛው ነበርን! ሰምተነው አናውቅም ነበር። ከዛ በኋላ ያ ድምጽ ሲጀምር ይዛው ሻወር ቤት ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ድምጹ ሲያልቅ ይወጣሉ፣ አለቀ።

ደግሞ ሌላ ነገር አመጣች። መስኮቱ ደፍ ላይ ማንኪያ፣ ጫማ፣ ሳሙና፣ ትራስ በተርታ ትደረድራለች። መጀመሪያ ቁርስ ነው፣ ማንኪያውን ታሳየዋለች፣ ይበላል፣ ማንኪያውን እሱ ራሱ ሄዶ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ቀጥሎ ጫማ፣ እንወጣለን ማለት ነው። ሳሙና፣ መታጠብ። ትራስ፣ መተኛት። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አወቀ። ቀኑን ሙሉ ምን ሊያደርጉኝ ነው እያለ ከሚኖርበት ኑሮ ወጣ ማለት ነው፣ እኔ እንደዛ ነው የገባኝ። ኋላ ሳነብ ለካ ይሄ በዓለም ዙሪያ ለወላጆች የሚያስተምሩት ዘዴ ነው፣ በእቃ ወይም በስዕል የቀኑን ፕሮግራም ማሳየት ይሉታል፣ እሷ ግን ከራሷ ነው ያወጣችው፣ "መስማት እንቢ ካለው ይይ ብዬ ነው" አለችን በቃ።

እና ደግሞ ትጠብቃለች። እኛ ልጁ እንዲናገር አሥር ቃል እናዘንብበታለን፣ በል ውሃ በል፣ ውሃ፣ ው-ሃ፣ ምናምን፣ እሷ ግን ኩባያው ላይ ትንሽ ውሃ ትቀዳና ጣሳውን እንደያዘች ዝም ብላ ታየዋለች። አንድ ቀን፣ እሁድ ነበር፣ እኔም ቤት ነበርኩ፣ እንደዛ አድርጋ ስትጠብቀው "ጨምሪ" አላት። ጨምሪ! የልጄ የመጀመሪያ አማርኛ። ሚስቴ እልልታዋን አፏን በእጇ ይዛ ዋጠችው፣ ድምጽ እንዳያስደነግጠው። ከሷ ስለተማረው ታዲያ እስካሁን እኔንም "ጨምሪ" ነው የሚለኝ፣ አያቱንም፣ የሱቁን ጋሼንም። ማንም እንዳያርመው ብያለሁ።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ከኛ ጋር ቆየችና ወደ ሪያድ ሄደች። አልፈርድባትም፣ እኛ የምንከፍላትና እዛ የምታገኘው አይገናኝም፣ ታናናሾች አሏት። ልጁ ለሳምንታት በሩ ስር ተቀመጠ። እሷ የምታውቀውን ግማሹን ነበር የተማርነው፣ ሌላው አብሯት ሄደ። አሁን ኢሞ ላይ ድምጽ ትልክለታለች፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማታል።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። አንዲት አስተዋይ ሴት ከትልቅ ትምህርት ቤት ሳትወጣ ቤታችን ገብታ ይሄን ያህል ከለወጠች፣ ይሄ ነገር ለምን የዕድል ጉዳይ ይሆናል? እናንተ የጤና ሚኒስቴር ሰዎች ደግሞ ቤት ለቤት የሚሄዱ ሴቶችን አሰልጥኖ በማሰማራት በዓለም የታወቃችሁ ናችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት፣ የአንድ ዓመት ስልጠና፣ 16 ፓኬጅ ይዘው ነው የወጡት፣ ሽንት ቤት አስቆፈሩ፣ አጎበር አሰቀሉ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ እቅድ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሚወለዱት 1000 ልጆች 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በ2016 ቁጥሩ 67 ነበር። የነሱም እጅ አለበት። ታዲያ የተረፉት ልጆች መሃል የኔ ዓይነቶቹም አሉ። መትረፉን ተረፉ፣ ማደጉንስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰው አንዱ ገደማ ኦቲዝም ነበረው ይላል። 5000 ሰው ያለበት ቀበሌ በዚህ ሂሳብ ወደ 40 ሰው ይኖረዋል ማለት ነው፣ ዳውን ሲንድረሙን፣ ኤዲኤችዲውን፣ ሴሬብራል ፓልሲውን ሳንቆጥር። የት አሉ? ቤት ውስጥ ናቸው። አንዳንዱ ጓዳ፣ አንዳንዱ ታስሮ። የሚያስረው ሁሉ ጨካኝ አይደለም፣ እኔ ያየኋት እናት ጉሊት ስለምትሸጥ፣ መንገድ ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው ነው፣ ከገበያ ስትመለስ ፈትታው አቅፋው ነው የምታለቅሰው።

አዲስ ነገር ፍጠሩም አላልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ስልጠና አለ፣ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ቤተሰብ የሚሆን፣ 9 ጊዜ በቡድን ተገናኝቶ መማር፣ 3 ጊዜ ደግሞ አሰልጣኟ ቤት ድረስ ሄዳ ማየት። የሚሰጡት ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች እንዲሆኑ ተብሎ ነው የተሠራው፣ ነርስ ትችላለች፣ ሌላ ወላጅ ይችላል። ከልጁ ጋር በሚወደው ነገር ገብቶ መጫወት፣ እንጀራ ሲጋገር፣ ልብስ ሲታጠብ ማሳተፍ፣ ሲረበሽ ከመረበሹ በፊት ምን እንደነበረ ማስተዋል፣ ወላጁ ራሱ እንዴት እንደሚተነፍስ ጭምር። ወደ አማርኛ ተመልሶ አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ ተሞክሯል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ጋር ሆነው። ሀገር ውስጥ አለ እኮ! ሙከራው ካለ፣ ቋንቋው ካለ፣ ቤት ለቤት የምትሄደዋ ካለች የቀረው ማገናኘቱ ነው።

አውቃለሁ፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ላይ ፓኬጅ በፓኬጅ እየተጫነባት ነው። የኛ ሰፈሯ ጫማዋ ያለቀ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ውሃ ነው የምንሰጣት። ስለዚህ በነጻ ጨምሩባት አላልኩም። ሁሏም አትሰልጥን፣ ከየጤና ጣቢያው አንድ ሁለት ይምረጡ፣ ልጆቹን የምትወድ፣ የትራንስፖርት ይሰጣት፣ የምትጠይቀው ባለሙያ ስልክ ይኑራት። ደግሞ አደራ፣ አዳማ ሆቴል ውስጥ አበል ተፈርሞበት ሰርተፍኬት ተይዞ የሚበተን ስልጠና እንዳይሆን። ለወላጆቹም ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሁን፣ ልጆቹን የሚይዝም ሰው ይኑር፣ አለበለዚያ ማን ይመጣል? እኔ ስማር ልጄን ማን ይይዘዋል? ይሄን ረስቶ የተጠራን ስብሰባ አይቻለሁ፣ ወረቀቱ ላይ "ልጅ ይዞ መምጣት ክልክል ነው" ይላል። ለነዚህ ልጆች ወላጆች!

ሚስቴ ባንክ ካሸር ነበረች። ለቀቀች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን 1156/2011ን አንብቤዋለሁ፣ ለየት ያለ ከባድ ነገር ሲገጥም ያለ ክፍያ እስከ 5 ቀን፣ ያውም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ላይበልጥ ይላል። የኛ ከባድ ነገር ግን በየቀኑ ነው። ይሄ የናንተ መሥሪያ ቤት ስላልሆነ አላበዛውም፣ ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ አቅም በፈቀደ መጠን የአእምሮ ጉዳት ላለባቸውም ድጋፍ ይደረጋል ይላል፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የአካል ጉዳተኞችን ስምምነትም ሀገራችን አጽድቃለች፣ ስለዚህ ደብዳቤው ሲዞር ሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ጋ ቢደርስ፣ ሥራና ክህሎትም ጋ ቢደርስ አልጠላም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቃል፣ ሬዲዮ ላይ "የኦቲዝም ተጠቂ" ሲባል ይከነክነኛል። ማን አጠቃው? ልጁ ኦቲስቲክ ነው፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረው። የሚያጠቃው ነገር ካለ ሌላ ነው።

አሁን ወደናንተ፣ የብሎካችን ሰዎች። አብዛኞቻችሁ ደጎች ናችሁ፣ መጥፎ ስለሆናችሁ አይደለም የምጽፈው። ልጁን ስታገኙት አትሳሙት። አውቃለሁ ፍቅር ነው፣ ግን ሦስቴ ጉንጩን ስትስሙት ቆዳው እንደተላጠ ነው የሚሰማው፣ ከሩቅ እጅ አውለብልቡ፣ ይበቃዋል፣ አንዳንዴ ራሱም ያውለበልባል (መዳፉን ወደራሱ አዙሮ ነው፣ አትሳቁበት)። ደረጃ ላይ ብቻውን ካያችሁት አትጩሁበት፣ አትሩጡበት፣ እሱና አስፋልቱ መሃል ቁሙና ደውሉልን። ባለፈው ዓመት በር ክፍት አግኝቶ ወጥቶ 4 ሰዓት ፈልገነዋል፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ቤተክርስቲያን፣ ወንዙ ጋ፣ ወንዙ ጋ ስሄድ እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። የተገኘው ላቫጆ ነው። ልጆቹ ቱቦውን ሰጥተውት የሰው መኪና እያጠበ ነበር፣ ሙልጭ ብሎ ረጥቦ፣ በሕይወቴ እንደዛ ሲስቅ አላየሁትም። ስሙን ስላልተናገረ ማን እንደሆነ አላወቁም፣ ግን አላባረሩትም። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ይዤው እሄዳለሁ፣ መኪናዬን እነሱ ጋ ነው የማሳጥበው፣ እሱ ጎማ ጎማውን ያጥባል።

የእድራችን ኮሚቴም ካነበባችሁ፣ ለቅሶ ላይ ለምን አትመጡም ብላችሁ ሚስቴን ቀጥታችኋታል። ድንኳን ውስጥ ልጁን ይዛ መቀመጥ አትችልም፣ ጥላውም መምጣት አትችልም። ቅጣቱን ከፍለናል፣ ግድ የለም፣ ግን አንዳችሁ መጥታችሁ አንድ ሰዓት ያዙላት፣ ትመጣለች።

ባለፈው ሳምንት የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ ነበር። ግፊታችንን ለካች፣ የትንሿ ልጃችንን ክትባት ካርድ አየች፣ ልትወጣ ስትል መስኮቱ ደፍ ላይ የተደረደረውን ማንኪያና ጫማ አይታ "ይሄ ምንድነው?" አለች። ሚስቴ አስረዳቻት። ቁጭ አለች። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሆነ ሁሉ ጠየቀች፣ "ብሎክ 14 ላይ አንዲት እናት አለች፣ ልጇን ስታየኝ ትደብቀዋለች፣ ለሷ ልነግራት ነው" አለች። ማንም አላዘዛትም፣ አልተከፈላትም።

ብዙ ጻፍኩ፣ ባትሪዬም 6 ፐርሰንት ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ነበር፣ የተኛ መስሎኝ፣ ከኋላ ድምጽ መጣ።

"ጨምሪ።"

መጣሁ የኔ ጌታ።